የብድር ጭረት

ወይዘሪት አሰገደች ከመምህራኑ ክፍል ስትወጣ በሩን ወርውራ ስለለቀቀችው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ተንጋደደ። ሌላ ቀን ቢሆን ተመልሳ ታቃናው ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ያስጠይቃል። ዛሬ ግን ዞር ብላም አላየችው።

በእጇ የያዘችው የሦስተኛ ክፍል ልጆቿን የሒሳብ ፈተና ነው። የሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የድሬዳዋ ሰኔ ነው፤ ከሙቀቱ የተነሳ ወረቀቱ ሳይቀር ያልበዋል። የመጀመሪያውን ወረቀት እየሄደች ዳግመኛ አየችው። ከስልሳ ሦስት ላይ ሃያ ስምንት ሲቀነስ፣ ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አምስት ካልሆነ ታዲያ ስንት ሊሆን ኖሯል? ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ወፍራም ዜሮ ተቀምጧል፤ ከዜሮው ሥር «ብድሩ አልታየም» ይላል። የሚቀጥለውም ወረቀት መልሱ ልክ ነው፤ እሱም ላይ «ብድሩ አልታየም»። የሁሉም እንዲሁ ነው። ከሐረር የመጣው ኢንስፔክተር አቶ ጉግሳ ይህን ሁሉ ሲጽፍ እጁ አለመዛሉ ገረማት።

ብድር የሚሉት ነገር ይህ ነው። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ካንዱ በላይ ጽፎ ከቀኝ ይጀምራል። ከሦስት ላይ ስምንት አይነሳም። ስለዚህ ስድስቱን በሰያፍ ጭረት ሰርዞ በላዩ አምስት ይጽፋል፤ ከሦስቱ ጎን ደግሞ ትንሽ አንድ ይተክላል። ይህን ሲያደርግ «ከጎረቤት አንድ ተበድረን» እያለ ያዜማል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያወርዱት መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፤ ደስም ይለዋል። ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ተበድረውት የመጡት አንድ እንዴት አሥር ሆኖ እንደሚገኝ ቢጠየቁ ግን ካዜሙት አንዱም አይመልስም። ብዙ ጊዜ ያስዜመውም አይመልስም።

አሰገደች ይህን ዜማ ከክፍሏ አባራዋለች። ሌላም ያባረረችው ነገር ነበር። እሷ ከመምጣቷ በፊት የቃል ሒሳብ ሲጠየቅ፣ ልጆቹ በጣታቸው እንዳይቆጥሩ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ይጭኑ ነበር። በመስኮት ያየ ሰው ምርኮኛ የተሰለፈ ይመስለዋል። እሷ እጃቸውን አስወረደች። ልጆቹ የሚቀመጡት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነው፤ ተጠጋግተው ሲቀመጡ አንዱ ወንበር አሥር ልጅ ይይዛል። ስምንቱን አንዱ ላይ፣ ሰባቱን ሌላው ላይ አስቀምጣ ስንት ናችሁ ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። ኋላ ከሰባቱ ሁለቱ ብድግ ብለው የጎደለውን ወንበር ሲሞሉት፣ አንድ ሙሉ ወንበርና አምስት ልጅ መሆኑን ዓይናቸው አየ። ከዚያ ወዲህ ማንም መነሳት አላስፈለገውም፤ ስምንትና ሰባት ሲባሉ በሐሳባቸው ሁለት ልጅ ከወንበር ወንበር ያዛውራሉ። መቀነስንም እንዲሁ ነው ያስተማረቻቸው። ከሃያ ስምንት ተነሱና ወደ ስልሳ ሦስት ውጡ፤ ሁለት ብትሄዱ ሠላሳ ላይ ናችሁ፣ ሠላሳ ብትሄዱ ስልሳ ላይ፣ ሦስት ብትጨምሩ ደረሳችሁ። የሄዳችሁትን ደምሩት። ሌላ መንገድ ያገኘ ልጅ ካለ ደግሞ ወጥቶ ለጓደኞቹ ያስረዳል።

ሌላ መንገድ ከሚያገኙት ዋነኛዋ ሃሊሞ ነበረች። ቤቷ የሚነገረው ሶማሊኛ ነው፤ አማርኛን ያወቀችው ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት በአማርኛ ወድቃ ሦስተኛ ክፍልን ደገመች። አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ የወደቀ ልጅ ደግሞ ስሙ ይሰረዛል። ዘንድሮም የአማርኛ ነጥቧ የሚያወላዳ አይደለም፤ ሒሳቡ ነበር ጎትቶ የሚያሳልፋት። ዜሮው የተጻፈው እሱ ላይ ነው። አባቷ አብዲቃድር ከከዚራ ሠፈር እስከ መጋላ የፈረስ ጋሪ ይነዳል። ጠዋት መጥቶ ለአሰገደች ቁርጡን ነግሯት ነበር፤ ስሟ ከተሰረዘ ኤረር ከተማ ያለችው አክስቷ ዘንድ ሄዳ ሕፃናት ትይዛለች። ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ትከራከረው ነበር። እሱ ግን ሁለቴ ሞከርን፣ አላህ ሌላ ጽፎላታል ብሎ ፈረሱን ሊያጠጣ ሄደ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ሣህሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ መሆንም ድፍረት ይጠይቃል። አሰገደች ቢሮው ገብታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ስታፈሳቸው በካርቶን እያራገበ ተመለከታቸው። የትኛው መልስ ነው የተሳሳተው ብላ ጠየቀችው። አንዱም አልተሳሳተም አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የባሰውን ነገራት። ኢንስፔክተሩ እንደሚለው፣ አንድ ክፍል ልጅ በሙሉ አሠራር ሳያሳይ ልክ ከመለሰ መልሱን በጆሮው ሹክ ያለው ሰው አለ፤ ሹክ ለማለት የሚመች ቦታ ቆሞ የነበረው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ይምጣና ራሱ ይጠይቃቸው» አለች አሰገደች። «አሁን። በቃል።»

«ወይዘሪት አሰገደች፣ እባክዎ። ሰውየው ከሰዓት በኋላ በሐረር አውቶቡስ ይሄዳል። ይሂድልንና እንገላገል።»

«ሃሊሞስ ወዴት ትሂድ?»

አቶ ሣህሉ ካርቶኑን አስቀመጠ። ተነስቶ ኢንስፔክተሩን ሊጠራ ሄደ።

አቶ ጉግሳ በደስታ መጣ። ሌባ እጅ ከፍንጅ ሊይዝ የሚሄድ ሰው አረማመድ ነበረው። አሰገደችን በሩ ላይ አቆማትና «አንቺ እዚሁ ቁሚ» አላት። «አፍሽን እንዳያዩ ፊትሽን ወደ ግቢው አዙሪ።» አንቺ አላት። ስድስት ዓመት ያስተማረች ሴትን፣ በገዛ ተማሪዎቿ ፊት፣ እንደ ተቀጣ ልጅ ፊትሽን አዙሪ አላት። አዞረች። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አብዲቃድር ጋሪውን አቁሞ ይጠብቃል።

መጀመሪያ የሰማችው «እጅ አናት ላይ» የሚል ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ የልብስ መንሿሿት፤ ያ ሁሉ እጅ እያንገራገረ ወደ ላይ ሲወጣ። ከዚያ ደጋሚዋ ልጅ ማን ናት ብሎ ጠየቀና ሃሊሞን አስነሳት።

«ከስልሳ ሦስት ላይ ሃያ ስምንት ሲቀነስ።»

«ሠላሳ አምስት።»

«እንዴት አገኘሽው?»

«ከስልሳ አምስት ላይ ሠላሳ ሲቀነስ አደረግኩት።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ያንተ ከባድ ነው፣ የእኔ ቀላል ነው። መልሳቸው ግን አንድ ነው።»

ከኋላ ወንበር የታፈነ ሳቅ ወጣ። ያንተ አለችው። የድሬዳዋ ልጅ ከሽማግሌም ጋር በአንተ ነው የሚጫወተው፤ ንቀት አይደለም፣ አንደበቱ ነው። ይህን ለደጋ ሰው ማስረዳት ግን ጊዜ ይፈጃል። ኢንስፔክተሩ ወደ በሩ ዞሮ ይህንንም አንቺ ነሽ ያስተማርሻት ብሎ አሰገደችን ጠየቃት፤ ሳይጠብቃት ወደ ልጅቱ ተመልሶ የፈተና ጥያቄ የመንግሥት ጥያቄ ነው፣ ተማሪ አይለውጠውም አላት።

«አልለወጥኩትም» አለች ሃሊሞ። «እህቴ ዓናብ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። የዛሬ ሁለት ዓመትም በአምስት ነው የምትበልጠኝ። ለእሷም ሁለት ተጨመረ፣ ለእኔም ሁለት ተጨመረ፤ መሃላችን ያለው አልተነካም። ወላሂ አልተነካም።»

አሰገደች ይህን አላስተማረቻትም። በመምህራን ማሠልጠኛም ማንም እሷን አላስተማራትም። ትእዛዙን ረስታ ዞረች። ከልጅቱ ይልቅ ያየችው የአቶ ጉግሳን ፊት ነው። ገብቶታል። ለቅጽበት ያህል ቅንድቡ ከፍ ብሎ፣ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ሲታየው አየችው። ቢደናገር ይቅር ትለው ነበር። ገብቶት ሳለ ፊቱን መልሶ ከሰከሰው።

ከአራት መቶ ሁለት ላይ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት ቀንሺ አላት። ሁለት መቶ አራት አለችው። ሌላም ጠየቃት፣ መለሰች። ሌሎችንም አስነሳ፤ እጃቸውን አናታቸው ላይ እንደጫኑ መለሱለት፣ አንዱ በወንበር፣ አንዱ ደረጃ በደረጃ እየወጣ።

በመጨረሻ አሰገደችን ወደ ውስጥ ጠራትና ሹክ ያለ ሰው የለም፣ ያልኩትን አንስቻለሁ አለ። አቶ ሣህሉ ላቡን ጠረገ። «ዜሮው ግን አይነሳም» አለ አቶ ጉግሳ ቀጥሎ። «ፈተናው አሠራሩን አሳዩ ይላል። ጭንቅላት ለቁጥጥር አይመችም፤ ወረቀት ነው የሚመቸው።» ሆኖም ጨካኝ እንዳይባል ለደጋሚዋ ልጅ አንድ ዕድል እሰጣለሁ አለ። ምሳ እስኪሄድ ድረስ ፈተናውን ከነብድሩ፣ ከነጭረቱ ደግማ ትሥራ፤ ከታየ ያርምላታል።

አሰገደች ያሸነፈች መስሏት ነበር። ወዲያው ግን ትዝ አላት። ሃሊሞ ጭረቱን አታውቀውም። ከልጆቹ አንዱም አያውቀውም። ዜማውን ስታባርር ጭረቱንም አብራ አባራዋለች፤ ማባረር ብቻ ሳይሆን የሌላውን ክፍል ዜማ እያስመሰለች አስቃቸዋለች። ጭረቱ ግን ምን በደለ? አንዱን ሙሉ ወንበር አስነስቶ መበተን ነው እንጂ ሌላ አይደለም። በአንድ ሳምንት፣ በእነዚያው ወንበሮች፣ ለምን እንደሆነ ጭምር ልታስተምራቸው ትችል ነበር። እሷ ግን ተናዳ ነበር። ስትናደድ ደግሞ መርጣ አትመታም።

ልጅቱን በግድግዳው ጥላ ሥር አስቀምጣ በእንጨት አፈሩ ላይ ጻፈችላት። ስድስቱን ሰረዘች፣ አምስት አደረገችው፣ ከሦስቱ ጎን አንድ ተከለች።

«ለምን?» አለች ሃሊሞ።

«ለምኑን ነገ እነግርሻለሁ። አሁን መልሱን በራስሽ መንገድ አግኚ። ካገኘሽው በኋላ እነዚህን ጭረቶች አልብሽው።»

ለምን ላለ ልጅ ነገ ብላ መልሳ አታውቅም ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ሃሊሞ አቶ ሣህሉ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቆማ ሠራች። መልሶቹን ቶሎ ቶሎ ጻፈች፤ ጭረቱን ግን ምላሷን አውጥታ፣ ተጠንቅቃ፣ ሥዕል እንደሚሥል ሰው ሣለችው። አሰገደች ከጠረጴዛው ማዶ ወረቀቱን በተገላቢጦሽ እያየች ትከተላታለች። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። አራተኛው ግን ከሰማንያ ስድስት ላይ ሠላሳ አራት ይቀነስ ነው የሚለው። ከስድስት ላይ አራት ይነሳል፤ ብድር የሚባል ነገር የለም። ሃሊሞ ግን ስምንቱንም ሰርዛ ሰባት አደረገችው፣ ከስድስቱም ጎን አንድ ተከለች። ከሥሩ ልኩን መልስ፣ ሃምሳ ሁለትን አስቀመጠች። ላዩ ሌላ ይናገራል፣ ታቹ ሌላ።

አቶ ጉግሳ ቀይ ብዕሩን አወጣ። ብዕሩ ከጭረት ወደ ጭረት ይሄዳል። ጭረት አለ፣ ልክ። ጭረት አለ፣ ልክ። አራተኛው ላይም ጭረት አለ፣ ልክ። ብዕሩ ለአፍታም አልቆመም።

«አየሽ?» አላት ወረቀቱን እያቀበላት። «ከመጀመሪያው እንዲህ ብታስተምሪ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።»

ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከሰባት ላይ ሦስት ቢነሳ አራት ነው፣ እዚህ ግን አምስት ተጽፏል፤ ምኑን ነው ያየኸው አንተ ሰውዬ? ልክ ለሆነው ዜሮ የሰጠህ፣ ለዚህ ሙሉ የሰጠህ፣ ቁጥሩን አይተኸዋል ለመሆኑ? በመስኮቱ በኩል የአብዲቃድር ጀርባ ይታያል፤ የፈረሱን ልጓም እያስተካከለ ነው።

«አመሰግናለሁ» አለች። አፏ ውስጥ እንደ ሬት መረራት።

ሃሊሞ ማለፏ ሲነገራት ወደ ውጭ በረረች። ግቢው መሃል ግን ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ቆመች፤ ተመልሳ መጣች። አሰገደችን በረንዳው ላይ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ያ የሰማንያ ስድስቱ ጭረት ውሸት ነው» አለቻት። «ከስድስት ላይ አራት ይነሳል፤ ስምንቱን መንካት አልነበረብኝም። አሁን ነው የገባኝ። ሰውዬው ገና አልሄደም፣ ልንገረው?»

በአሰገደች ክፍል ስሕተቱን ራሱ ያገኘ ልጅ ብድግ ብሎ ይናገራል፣ ጓደኞቹም ያጨበጭቡለታል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የለመዱት። ልጅቱ ፊቷ ላይ የሚታየው ያው ጭብጨባውን የምትጠብቅበት ፊት ነበር። አቶ ጉግሳ ባርኔጣውን ደፍቶ ከዳይሬክተሩ ጋር በሩ ላይ ይሰነባበታል።

«አትንገሪው» አለች አሰገደች።

«ለምን?»

ነገ ማለት አልቻለችም። «ካወቀ ይጥልሻል» አለቻት በቁጣ፤ ልጅቱ ግን የተቆጣችው እሷን እንዳልሆነ አውቃለች።

ሃሊሞ አሰበች። አባቷን አየች፣ ባርኔጣውን አየች፣ መምህሯንም ቀና ብላ አየቻት።

«እሺ» አለች። እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ይህም ቶሎ ገባት።