ጓድና ጓዝ

የሸሚዝ ኮሌታ ሰፊዋ ወደዚህ አገር ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣና አሥር የማይሞላ የአገሩ ቃል ነበር። ቃላቱም «እሺ»፣ «ይቅርታ»፣ «ስንት ሰዓት ነው» ዓይነት ስለነበሩ፣ በእነሱ ፍቅር ይይዘኛል ብላ አላሰበችም።

የምትሠራው ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አርባ ሴቶች አርባ ማሽን ላይ ያጎነብሳሉ፤ የደረጃው በር ጠዋት ይቆለፍና ሥራ ሲያልቅ ይከፈታል። አለቃው «ጨርቅ እንዳይሰረቅ ነው» ይላል። ሴቶቹ የሚሰርቁት እንቅልፍ ብቻ እንደሆነ ራሱም ያውቀዋል።

ከፎቅ ፎቅ እንደ ልቡ የሚዘዋወረው ማሽን ጠጋኙ መካኒክ ብቻ ነው። እሱም መጤ ነው፤ ግን አሥራ አምስት ዓመት ስለኖረ ቋንቋውን ከባለአገሮቹ እኩል ይናገራል። መርፌ ልቀይር ብሎ ያጎነብስና ወሬ ያቀብላል፤ በሩ ይከፈት፣ አለዚያ ሥራ እናቁም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፣ ክሩን እያጠነጠነ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስብሰባ እሷን የፎቁ ወኪል አድርገው መረጧት። እንደ ሌሎቹ መካኒኩን ልታመሰግነው ብድግ አለችና «አመሰግናለሁ፣ ጓዜ!» አለችው። ጓዴ ማለቷ ነበር። ሴቱ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

«ጓዝማ የሚጫን ዕቃ ነው፣ እህቴ። ሻንጣ፣ ፍራሽ...» አላት መካኒኩ ሳቁን እየዋጠ። «ጓዴ በይ።»

«ጓዜ» አለች ደግማ። ምላሷ እምቢ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሆን ብላ ነው የምትለው ብለው ያሟት ነበር። አልተሳሳቱም። እሱም ሳይሰለች ያርማታል፤ ሊያርም ሲመላለስ ከርሞ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ገቡ። ፍራሽ፣ ሁለት ኩባያ፣ መስኮቱ ላይ የሚሰጣ ዘይት የጠገበ ቱታ። ደስ ብሏት ኖረች፤ ሌላ አባባል የለውም።

ነገሩ ያልተዋጠላቸው ወደዚህ አገር ያስመጧት አክስቷ ነበሩ። «ፈርሙ፣ ልጄ» ይሏታል። «በሰው አገር ወረቀት የሌለው ፍቅር ጣራ የሌለው ቤት ነው።»

«እሱ አይፈልግም፣ አክስትዬ። በመንግሥት ማኅተም አንዋደድም ይላል።»

«ማኅተሙስ መች ለደጉ ቀን ሆነና!»

ስቃ አለፈች።

አድማው ተመታ። አሥራ አንድ ቀን ማሽኖቹ ዝም አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለቃው በሩን ከፈተ፤ በዚያው ዕለት ፖሊስ መካኒኩን ያዘው። «አገር በጥባጭ መጤ» ተባለና ወደ መጣበት እንዲመለስ ተወሰነበት።

የሚሄድበት ቀን እንደደረሰ ስትሰማ፣ የሰፋችለትን ካፖርት በጨርቅ ጠቅልላ ከአክስቷ ጋር ወደ እስር ቤቱ ሮጠች። አንዴ ዓይኑን ማየት ነበር የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

«ምኑ ነሽ?» አላት ጠባቂው በመስኮቱ።

«አብረን ነው የምንኖረው።»

«ሚስቱ ነሽ? ወረቀት አለሽ?»

ጥቅልሉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። አክስቷ «ብዬሽ ነበር» አላሉም፤ ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ዘመድ ያልሆነ አይገባም» አለ ጠባቂው። «ጓዙን ስጪኝ። ጓዙ ብቻ ነው የሚገባው።»

«ጓዙማ እኔ ነኝ።»

ጠባቂው ቋንቋው ያልገባት መሰለው። «ጓዝ ማለት ዕቃ ነው» አለና ጥቅልሉን ተቀብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ወደ ሽቦው አጥር ዞረች። ግቢው ውስጥ እስረኞቹን በሰልፍ ወደ አውቶቡስ እየወሰዷቸው ነው። ጀርባውን ከሩቅ ለየችው።

«ጓዜ!» ብላ ጮኸች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያረማት ሰው፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ ዞሮ አያት። ሊያርማት ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን አጠገቡ ወዳለው ፖሊስ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ጓዜ ቀርቷል።»

«ተጭኗል። ግባ!»

«አልተጫነም» አለ መካኒኩ በአገጩ እየጠቆመ። «ያቻትና፣ አጥሩ ጋ ቆማለች።»

ገፍተው አስገቡት። ካፖርቱ ሄደ፣ እሷ ቀረች።