ባንዲራ የተሰቀለበት ሽቦ

እስቲ አንተ አንባቢ፣ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር በቆርቆሮ አጥረህ፣ አጥሩን ኖራ ቀብተህ «እንኳን ደህና መጡ» የምትል ከሆነ ጤና አለህ?

የለህም። ደብረ ማርቆስም በዚያ የጥቅምት ጠዋት ጤና አልነበራትም።

የብርጓል ከቤቷ የወጣችው በሩጫ ነው። ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ ተምራ ከተመለሰች ጀምሮ ከገበያው በታች ባለው አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ሬድዮ ስትፈታና ስትገጥም የኖረችው ለዚህ ቀን ነበር። የምርምር ጣቢያና የመሣሪያ ፋብሪካ የሚቆምበትን ከተማ የሚመርጡት ሰዎች ዛሬ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። የቀሩት ሁለት ከተሞች ናቸው፤ አንዷ ማርቆስ ናት። ከተመረጠች መጋዘኑ ወደ ፋብሪካ ያድጋል፤ የጎጃም ልጅ ሬድዮ ገዝቶ ከማዳመጥ አልፎ ሬድዮ ሠርቶ ይሸጣል። ካልተመረጠች ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘኑን መልሶ ገብስ ይሞላበታል፤ የብርጓልም መሣሪያዋን በጆንያ ቋጥራ ትወጣለች።

የብርጓልና ባልደረቦቿ ለእንግዶቹ የሚያሳዩት ነገር ደግሞ የዋዛ አልነበረም! ጮቄ ተራራ አናት ላይ ተቀምጦ ብርዱን እየለካ በሬድዮ የሚናገር መሣሪያ ነው። ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ሲበርደው ይዘገያል። ውርጭ ማሳው ላይ ሳይወርድ ወሬው ማርቆስ ይደርሳል ማለት ነው። ባልደረባዋ እንዳላማው መሣሪያውን በበቅሎ ጭኖ ትናንት ወጥቷል፤ አሁን ጋቢውን ተከናንቦ ድፍን ጎጃምን ቁልቁል እያየ ነው።

የብርጓል ከቦታው ስትደርስ መጋዘኑ የለም። በምትኩ ኖራው ገና ያልደረቀ የቆርቆሮ አጥር ቆሟል።

«በጓሮ ዙሪ!» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። «በፊት በር መግባት ለእኛ ቢጤ ተከልክሏል።»

ሥራነሽ ነበረች። ሥራነሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ የአንቴናው ሽቦ ምሰሶውን እንዳይነካ የሚይዙትን የሸክላ መያዣዎች የሠራችውና የተኮሰችው እሷ ናት። ሸክላ ሠሪ በመሆኗም ነው ከተማው በቀን ገንቦዋን ገዝቶ በማታ ዓይኗን የሚፈራት።

«እታለም ሥራነሽ፣ ማነው ያጠረው?» አለች የብርጓል በጓሮ ገብታ።

«ቀኛዝማች ያለው ናቸዋ! የአቀባበሉ ሊቀ መንበር! ማታ ሰው አስከትለው መጡና፣ ‹ከአዲስ አበባ የሚመጣ ትልቅ ሰው ጥላሸትና ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሱሪ የለበሰች ሴት አይቶ ይሂድ?› አሉ። እኔስ ለምጄዋለሁ። የአንቺ ሱሪ ከቡዳ እኩል መቆጠሩ ግን ገረመኝ።»

የብርጓል ሳትወድ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ የሬድዮ መቀበያውን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፋች። ዝም። ቁልፉን አዞረች፤ ዝም። እንዳላማው ገደል ገባ? ባትሪው ደከመ? ወጥታ ቀና ብላ ምሰሶውን አየች። ምሰሶው ራቁቱን ቆሟል፤ ሽቦው የለም!

በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ አውራ ጎዳናው አጮለቀች። ከባሕር ዛፍ ምሰሶ ወደ ባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ከመጋዘኑ እስከ ክብር መድረኩ ድረስ፣ የወረቀት ባንዲራዎች ይውለበለባሉ። የተሰቀሉት በእሷ የመዳብ ሽቦ ላይ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ የሥራነሽ መያዣዎች ሳይቀሩ እንደታሰሩ አሉ። ከተማዋ ጆሮዋን ቆርጣ ጉትቻ አድርጋዋለች!

የብርጓል ደሟ ፈላ። ለአንድ ቀን ጌጥ የሚሆን ወረቀት ለመስቀል የብዙ ወር ድካም ያወርዳሉ? ደግሞ ሽቦውን አፍጥጣ ስታየው ሌላ ነገር ታያትና ዓይኗ በራ።

«ማርቆስን!» አለች። «እታለም፣ እኛ ከዘረጋነው ረዘም አድርገው እኮ ነው የዘረጉት! አንቴናችን እዚያው ተሰቅሎልናል!»

«ባንዲራውስ?»

«ባንዲራው ምን ያደርጋል? ወረቀት ነው። ያንን ቀርከሃ አቀብይኝ!»

በዚህ መካከል መኪኖቹ ደረሱ። እልልታው ቀለጠ። ቀኛዝማች ያለው ካባቸውን ደርበው ከድምፅ ማጉያው ፊት ቆሙና ስለ ማርቆስ አየር፣ ስለ ማርቆስ ማር፣ ስለ ማርቆስ ሕዝብ ጨዋነት ብዙ ተናገሩ። የእንግዶቹ መሪ፣ መነጽር ያደረገ ወፍራም ኢንጂነር፣ ግራ ቀኙን አየ።

«ሁሉም መልካም ነው ቀኛዝማች፤ የጻፋችሁልን ወርክሾፕ ግን የታለ?»

«እሱ... እሱ ለጊዜው እድሳት ላይ ነው፤ ክቡርነትዎ። ምሳው ይቀድማል።»

ከጀርባቸው ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ቆርቆሮው ከነኖራው ጎዳናው ላይ ተዘረረ። ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ የሥራነሽ እግር፣ ቀጥሎ የብርጓል ሱሪ ታየ።

«እድሳቱ አልቋል!» አለች ሥራነሽ።

የብርጓል ለማንም አልመለሰችም። የሽቦ ጥቅል በቀርከሃ ጫፍ አንጠልጥላ ባንዲራው ያለበት ሽቦ ላይ አቆላለፈችው፤ ሌላውን ጫፍ ከመቀበያው ጋር አገናኘችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች።

ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...

ጮቄ ነው! ሩቅ፣ ቀጭን፣ ግን ጮቄ! መቀበያውን አቅፋ፣ ሽቦውን እየጎተተች መድረኩ ላይ ወጣች፤ ማዳመጫውን ከድምፅ ማጉያው አፍ ላይ ለጠፈችው። ተራራው በከተማው ሁሉ ላይ መናገር ጀመረ።

«ይህ ጮቄ ላይ ያለው ብርድ ነው» አለች።

ኢንጂነሩ ጠጋ ብሎ አዳመጠ። «ጎረቤት ቤት የተደበቀ ሰዓት አለመሆኑን በምን ልወቅ?»

«ደግ ጠየቁ። ሰዓትዎን ይመልከቱ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ባልደረባዬ የመሣሪያውን ጫፍ ብብቱ ውስጥ ይከተዋል። ያን ጊዜ ይፈጥናል።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ምነው ብብት!» አለ አንዱ። «ብርዱ ገድሎት ከሆነስ?» አለ ሌላው።

«ከሞተማ ይበልጥ ይዘገያል» አለች ሥራነሽ።

ኢንጂነሩ ሰዓቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ጢጥ... ጢጥ... እንዳላማው ተኝቶ ይሆን? ሰዓቱ ቆሞበት ይሆን? ኢንጂነሩ ቀና ብሎ «ስድስት ሆነ» አለ። ጢጥ... ጢጥ... ምንም የለም። ቀኛዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ጢጥ.. ጢጥ. ጢጥ ጢጥ ጢጥጢጥጢጥ! እንደ ጉግስ ፈረስ ጋለበ! አገር በእልልታ ተናጠ፤ ማንም ሳያዘው ሰው ተቃቀፈ፤ የሥራነሽን ዓይን የሚፈሩ ሴቶች ሳያስቡት እሷኑ ጨብጠው ዘለሉ። ኢንጂነሩ ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ልጅ ሳቀ።

«ሌላውን ከተማ ማየት ለምን ያስፈልገኛል?» አለ። «እኔ የማቀርበው ማርቆስን ነው!»

ቀኛዝማች ያለው ያን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውንም ወደ ድምፅ ማጉያው ሰደዱ።

«እንግዲህ፣ ኮሚቴያችን ለእንግዶቹ ያዘጋጀው ይህ ትርኢት...»

የብርጓል ድምፅ ማጉያውን ከእጃቸው ወሰደች። ከማዳመጫው አሁንም የእንዳላማው ብብት ይሰማል።

«ቀኛዝማች፣ እርስዎ አባቴን ያህላሉ፤ አልሳደብም» አለች። «ኮሚቴው ያዘጋጀው ያ የወደቀው ቆርቆሮ ነው። ነገ ፋብሪካው ሲቆም የሚገቡበት ቀጥቃጮች ናቸው፤ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ሱሪ የለበሱ ሴቶች ናቸው። ያን ጊዜም ሊያጥሩን ነው? ወይስ ዛሬውኑ ይለይልን? ያጠሩብን ማንን አፍረው ነው? ሥራነሽን ነው? እኔን ነው? ድምፅ ማጉያው ይኸውልዎ፤ ከተማው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ይመልሱ!»