የጉሜርሲንዳ አፍንጫ

ሚስቴን ጉሜርሲንዳን በሰኔ መጀመሪያ ጉንፋን ያዛት። በከተማችን በአሬኪፓ በሰኔ ጉንፋን ያልያዘው ሰው ስለሌለ ማንም ልብ አላለውም። መጀመሪያ የሄደው ድምጿ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጓዳ ወጥታ ውሻችንን ካኔላን ጠራቻት። ካኔላ ፊቷን አየች፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብላ ተመለከተች፤ ከዚያ አጉረመረመችባት። የምታውቀው ፊት በማታውቀው ድምፅ ሲጠራት ግራ ገብቷት ነው። ጉሜርሲንዳ እጇን ዘረጋችላት። ካኔላ ጣቶቿን አንድ በአንድ አሸተተች። ዓይንና አፍንጫ ባንድ ወገን ቆመው ጆሮ ተረታ፤ ጅራቷን ቆላች።

ድምጿ በሳምንቱ ተመለሰ። አብሮ የጠፋው ማሽተቷ ግን አልተመለሰም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም ቢሆን። እኔ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "ኤራስሞ፣ እነዚያን ካልሲዎች ከቤት አውጣልኝ" ስትለኝ የኖረች ሴት ድንገት ዝም አለች። በመጨረሻ ለመደችኝ ብዬ ደስ አለኝ። አልጠየቅኳትም።

ምግብ ቤት አለን። እሷ ታበስላለች፤ እኔ አሳልፋለሁ፣ የበቆሎ ጠላ እቀዳለሁ። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት አንድም ደንበኛ ቅር አላለውም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ዘይቱን የምትጠብቀው በጆሮዋ ነበር፤ ሽንኩርቱ ጩኸቱን ሲቀንስ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ድልሁን በቀለሙ፣ ሊጡን በጣቷ፣ ጨዉን በምላሷ። የጎደለውን ከልማድ ትሞላዋለች።

ዶን ኒካኖር የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ደንበኛ አሉን። ጊታር ቃኚ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ሌላ ተቀምጠው አያውቁም። መስኮቱ ጋ ላስቀምጥዎ ስላቸው "እዚያ ምን ይሰማል?" ይሉኛል።

አርብ የሽሪምፕ ሾርባ ቀናችን ነው። ሽሪምፑ፣ ያ ቅርፊታም ትንሽ የወንዝ እንስሳ፣ ሐሙስ ማታ በአውቶብስ ይደርሳል። በነሐሴ አንዱን ሳምንት አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሸና አርብ ረፋድ ላይ ደረሰ። ጉሜርሲንዳ ጆንያውን ፈታች፤ ቀለሙን አየች፤ ጣቷን አስገባች፤ አጠበችው። እንደ ልማዷ ጥቂት ራስ ራሱን ለካኔላ ወረወረችላት። ካኔላ አሸተተችና ወደ ጓሮ ወጣች።

"ጠግባ ነው" አለች ጉሜርሲንዳ።

እኔ ጓሮ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ተመልሼ ስገባ ድስቱ ፈልቷል፤ ዶን ኒካኖር አንገታቸውን ወደ ማድ ቤቱ አዙረዋል።

"ጉሜርሲንዳ፣ ልጄ፣ ድስትሽ ውስጥ ማን ነው የሞተው?"

"ሽሪምፕ ነው፣ ዶን ኒካኖር። አርብ አይደል?"

"መሞቱንማ አወቅኩ። መቼ እንደሞተ ነው የምጠይቅሽ።"

ሄጄ ክዳኑን ከፈትኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"አልሸተተሽም?" አልኳት።

"እንዴት አድርጎ ሊሸታት?" አሉ ሽማግሌው። "ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ በአፍንጫዋ መሳብ ከተወች ሁለት ወር ሆናት። ድሮ ጨው ከመጨመሯ በፊት ሁለቴ ትስብ ነበር፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። አሁን የምሰማው ማንኪያውን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ባሏ አንተ ነህ። የምታውቅ መስሎኝ።"

ሾርባውን ደፋነው። ያን ቀን ድንችና አይብ አቀረብን። ሰው ሲወጣ ጉሜርሲንዳ ጓሮ ተቀምጣ ነገረችኝ።

"ማንጎ ስበላ ጣፋጭ እርጥብ ነገር ነው፤ ማንጎ አይደለም። ምላሴ ጨው ይለኛል፣ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ መራራ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለውም። ሥራውን የሚሠራው አፍንጫ ነበር፤ የሚመሰገነው ምላስ።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ወጥ ሠሪዋ ማሽተት ተሳናት ሲባል ማን ሊበላ ይመጣል? ደግሞ አንተ ደስ ብሎህ ነበር።"

እውነቷን ነበር። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ የነገውን ድንች መላጥ ጀመረች። እኔም ቢላ አምጥቼ አብሬያት ላጥኩ።

ከማግስቱ ጀምሮ የዶን ኒካኖር ወንበር ወደ ማድ ቤቱ ገባ። አፍንጫቸው አይሳሳትም፤ ችግሩ ሌላ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ ሊያር ነው ካሉ በኋላ እናታቸው እንዴት እንደምትጠብሰው ይቀጥላሉ። ኮምጣጤው በዛ ካሉ በኋላ ስለ ጎረቤቱ ወጥ ያወራሉ።

"ዶን ኒካኖር፣ የፈለግኩት አፍንጫዎን ነው" አለቻቸው አንድ ቀን። "አፍዎን ይዘው እንዲመጡ ማን አለዎት?"

በመስከረም ለቧንቧ ብለው መንገዳችንን መቆፈር ጀመሩ። የመቆፈሪያው ማሽን ጩኸት ሰሃን ያንቀጠቅጣል። ጉሜርሲንዳ የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። አንዱን ነከሱና አኘኩ።

"ለስልሷል" አሉ እየጮኹ። "የትናንት ነው።"

ሰሃኑን አንስታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ቆፋሪዎቹ ለምሳ ሲቆሙ፣ ጸጥ ሲል፣ ያንኑ ሰሃን መልሳ ፊታቸው አደረገችው። ነከሱ። ቀጭ አለ።

"ይኸውልሽ፤ እንዲህ ነው የሚጠበሰው።"

"ያው ሰሃን ነው።"

"አይደለም።"

"ኤራስሞ ይመስክር።"

ያው ሰሃን መሆኑን መሰከርኩ።

"ማሽኑ ጆሮዎን ሲይዘው ለጥርስዎ ቆዳው መድረቁን ማን ይንገረው?" አለች ጉሜርሲንዳ።

ዶን ኒካኖር መብላታቸውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ "ታዲያ ቀድሞውኑ ቆፋሪዎቹን አቁሙ አትያቸውም ነበር?" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እናታቸው አጠባበስ ማንሳት ቀነሱ።

በኅዳር ማሽተቷ ተመለሰ፤ ግን ተምታቶ። የሚጠበስ ሽንኩርት የተቃጠለ ጎማ ሸተታት። ሳሙናው ዳቦ ዳቦ አላት። ሐኪሙ የተጎዳው የማሽተት ነርቭ ሲያገግም መንገድ ይስታል፣ በየቀኑ ያው ነገር ቢያሸቱት ይለምዳል አላት። ስለዚህ በየጠዋቱ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ኮምጣጤና ሽንኩርት ትደረድራለች። ሎሚውን ታየዋለች፣ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ ታሸተዋለች፤ ዓይኗና እጇ አፍንጫዋን ያስተምሩታል። ዶን ኒካኖር ትይዩዋ ተቀምጠው ያርማሉ።

"ምን አለሽ?"

"ላምባ።"

"ሎሚ ነው። ድገሚ።"

በየካቲት፣ ለካርኒቫል በዓል፣ ሎሚው ተመለሰ። ቅርንፉዱ ተከተለ። ማንጎ ማንጎ ያላት ቀን ሦስት በልታ ሆዷን አመማት። ነጭ ሽንኩርት ግን እስካሁን አልተስተካከለም፤ እሱን ዶን ኒካኖር ያሸቱላታል።

ባለፈው ሳምንት እሳቸውን ጉንፋን ያዛቸውና ቀሩ። ጉሜርሲንዳ ከማድ ቤት ጠራችኝ።

"ና አሽትልኝ።"

ጎንበስ አልኩ። "ጥሩ ነው።"

"ጥሩ የሚባል የሽታ ስም የለም። ምን ይላል?"

እንደገና ጎንበስ አልኩ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"ነጭ ሽንኩርት።"

"ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ?"

"መካከል ላይ ነው" አልኳት። ፊቴን አየችኝና አፍንጫዬን አምና ለድስቱ ሁለት ደቂቃ ጨመረችለት።