የተቆለፈ ጉልበት

ከነጭ ሸራ ስር አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ የቆመችው እሷ ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የሥነ ጥበብ መምህሯ ሥራውን፣ በሸራ ተሸፍኖ ከጠዋት እስከ ማታ በተመልካች ፊት መቆምን፣ በአንድ አዳራሽ ሊያሳይ በነበረበት ጠዋት፣ "አንቺ ልጅ፣ ወገቤን ይዞኛል፤ እስኪሻለኝ ብቻ ቁሚልኝ" አላት። ለመምህር እንዴት እምቢ ይባላል? ከራስ እስከ እግሯ ተሸፍና ቆመች። ሰዉ ሁሉ ከስር ያለው እሱ መስሎታል። ማታ ለማብቂያው መብራት ሲጠፋ በጓሮ በር ገብቶ ቦታዋን ያዘ፤ ሲበራ ሸራውን ገፎ እጅ ነሳ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ "ምሰሶው" ሆነ። እሷ እግሯ አብጦ ሳምንት ተኛች። "የቆምኩት እኔ ነኝ" ብትል፣ "ቅናት ነው" ብሎ ከትምህርት ቤቱ አስባረራት። ዓይን አውጣ!

ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ዝም ያለ ሰው የረሳ ይመስላችኋል? የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ መቆም የእሷ እንደነበር በሰው ፊት እንዲታወቅ።

ዘንድሮ በዚያው አዳራሽ የራሷን ሥራ አቀረበች። ከጠዋት እስከ መዝጊያ ትቆማለች። ግድግዳው ላይ፣ "ፊት ለፊቴ የቆመ፣ እኔ ሳልቀመጥ አይቀመጥም" ብላ ጻፈች። የመጀመሪያውን ጥሪ ለምሰሶው ላከች፤ ጋዜጠኞችንም ጠራች። እንግዲህ እምቢ ይበላ!

መጣ። "ልጄ፣ እንዳትወድቂብኝ" ብሎ ሰዉን አሳቀና ፊቷ ቆመ።

እሷ ያየችው እግሩን ነው። ጉልበቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ቆልፎታል። ጉልበቱን የቆለፈ ሰው ብዙም ሳይቆይ ራሱን ያዞረዋል፤ ይህን ከሸራው ስር በሦስተኛው ሰዓት ልትወድቅ ስትል ተምራዋለች። "ላላ ያድርጉት" ብትለው ይበቃው ነበር። አላለችም። ለምን ብላ!

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ጀመር። የአዳራሹ ጥበቃ ከበሩ ላይ ሆኖ ጋዜጠኞቹን፣ "ይኼ ሰውዬ ነው አሥራ ሁለት ሰዓት የቆመው?" አላቸው። "እኔ እዚህ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ጉልበቱን እንዲህ የሚቆልፍ ሰው ቆሞ አያውቅም። ቆሞ የሚያውቅ ሰው እንደሷ ነው የሚቆመው፣ እዩዋት!"

ሰዉ የእሱን ጉልበት አየ፤ ቀጥሎ የእሷን፣ ላላ ብሎ ዕጥፍ ያለውን።

"ታዲያ ያኔ ማን ነበር የቆመው?" አለች አንዷ ጋዜጠኛ።

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ምሰሶው ይህን ሲያይ ከንፈሩ ነጣ፣ ተንገዳገደ፣ ተዘረረ። እሰይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"ልጄ..." አለ ከወለሉ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ "ወገቤን ነው... ወገቤን እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ፤ ንገሪያቸው።"

የዚያን ቀን የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"አይዞዎት መምህር፣ እስኪሻልዎት እንደ ድሮው እኔ እቆምልዎታለሁ።"

አዳራሹ እስኪዘጋም ቆመች።