«ሙከራ» የሚለው ፋይል

አምቦ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ድምፅ ለመሞከር የትኛው መቅጃ ፕሮግራም ይሻላል የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ለእያንዳንዱ ቅጂ አዲስ ስም እየሰጠ ያንዛዛል፤ እኔ በፍላሽ የምይዘው ይፈጥናል። ባለ ላፕቶፑን ራሱን አስቆጥርና እዚያው ላፕቶፑ ዴስክቶፕ ላይ «ሙከራ» ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ሁሌም እንዲሁ ነው።

ትናንት አዴ ወርቂቱ የሟች ባላቸውን የመምህር ደቻሳን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ድምፅ አልወጣ ብሏቸዋል። ስፒከሩን ቀየርኩና በፍላሼ ፕሮግራም ራሴ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብዬ በኦሮምኛ እስከ ሦስት ቆጠርኩ። «ሙከራ» ብዬ ሳስቀምጠው ፕሮግራሙ የድሮው ይተካ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እጄ እንደለመደው «አዎ»ን ነካሁ።

«ይሠራል፣ አዴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው እሱን ልስማው» አሉ። «አምና እዚህ አስቆጥረህ የቀዳኸውን። ሌላ ድምፁ የለኝም። ስፒከሩ እስኪበላሽ በየቀኑ እከፍተው ነበር።»

ራሳቸው «ሙከራ» የሚለውን ከፈቱት። የእኔ ድምፅ ጥርት ብሎ ቆጠረ፣ ሦስት ላይ አበቃ።

«እሱ ሦስት ላይ ሲደርስ ይስቃል» አሉኝ፤ እንደገና ከፈቱት።