እንደ ነጠላ የሳሳ ሊጥ

እኔ ዓሊማ ቁጡ ነኝ፤ ሽሮ ሜዳ ሱቄ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ቴምር፣ ዘቢብ፣ የደረቀ በለስ እሸጣለሁ። ሐሳቤ ሱቁን ለልጄ ለሩፋይዳ ማስረከብ ነበር። እሷ ደግሞ የሆቴል ሙያ ተምራ መጣችና «እማ፣ እኔ ምግብ ነው የምሠራው» አለችኝ። ተጨቃጨቅን፣ ተኳረፍን፣ በመጨረሻ ተስማማን። ዘቢብ ከኔ የሚገዙት የድግስ አዘጋጅ፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መጥተው ሥራዋን ይቀምሳሉ። ከወደዱት ይቀጥሯታል፤ ካልወደዱት ሰኞ ሱቅ ትገባለች። እውነቱን ልናገር፣ እንዳይወዱት ነበር ዱዓዬ።

ያዘዟት የግሪኮችን የድግስ መክሰስ ነው፤ ፊሎ በሚሉት ስስ ሊጥ የሚጠቀለል፣ ግማሹ ጨው ያለው፣ ግማሹ ጣፋጭ። ሩፋይዳ በለሱን ከትፋ ከጨዋማ የበግ አይብና ከጦስኝ ጋር ቀላቀለችው። ቴምርና ዘቢቡን ደግሞ ከለውዝና ከማር ጋር ለወሰች።

«በለስ ከአይብ ጋር! በአላህ፣ ይሄን ማን ይበላል?»

«ቅመሺው እስቲ።»

ቀመስኩት። ሃያ ዓመት በለስ ስሸጥ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ለሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ችግሩ ሊጡ ላይ መጣ። የፉርኖ ዱቄት በዘይትና በሎሚ አቡክታ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፋ ትለጥጠው ጀመር። ተቀደደ። ሁለተኛውም ጠርዙ ተሰነጣጥቆ ተቀደደ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አልኳት፣ ደስ እያለኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ይሄኔ ጎረቤታችን ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ የሸመኑልኝን ነጠላ ይዘው ገቡ። የተቀደደውን ሊጥ በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና «ጉልበትሽ አይደለም የቀደደው፣ ደርቆብሽ ነው» አሏት። «ድርም ሲደርቅ ይበጠሳል፤ እኛ እናርሰዋለን። ዓሊማ፣ አንቺ ደግሞ በሩን ምን በረገደሽው? የእንጦጦ ነፋስ እኮ ነው የሚያደርቅባት!»

የኦቨኑ ሙቀት አስጨንቆኝ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። እያጉረመረምኩ ዘጋሁት።

ሩፋይዳ ሊጡን ዘይት ቀባችው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ አሳረፈችው። ከዚያ ቀለበቷን አወለቀች፤ እጇን ከሥሩ አስገብታ ጠረጴዛውን እየዞረች በእጇ ጀርባ ቀስ እያለች ትገፋው ጀመር። ሰፋ። አሁንም ሰፋ። ጡጫ የምታህል ሊጥ ጠረጴዛውን ሞልታ በየጎኑ ተንጠለጠለች! እኔ ሳምቡሳ ስጠቀልል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስስ ሊጥ አውቃለሁ እል ነበር። ምንም አላውቅም። በሊጡ ውስጥ ከሥሩ የተነጠፈው ጨርቅ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እጄን በአፌ ጫንኩ። «ሱብሓነላህ! ይቺ የኔ ልጅ ናት?» ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «አርባ ዓመት ሸምኛለሁ፤ እንዲህ አላሳሳሁም» አሉ።

ሩፋይዳ ጠቅልላ ጋግራ ስታወጣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት በሰዓታቸው መጡ። አንዱን ቀመሱ፣ ጣታቸውን ጠረጉ፣ ሌላ ደገሙ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምግቡ ግሩም ነው። ሊጡ ግን የፋብሪካ ነው፤ የሰው እጅ እንዲህ አያሳሳም። የራሴ ነው ብለሽ ባታቀርቢልኝ ይሻል ነበር፣ ልጄ። እኔ የማይዋሽ ሰው ነው የምፈልገው።» ቦርሳቸውን አነሱ።

ሩፋይዳ አቀርቅራ ሳህኑን ታነሣ ጀመር።

እንግዲህ ዱዓዬ ሊሰማ ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዝም ብል ሰኞ ልጄ አጠገቤ ናት። ወላሂ፣ አፌን ልይዝ ሞክሬ ነበር። ግን ያየሁትን እንዴት አላየሁም ልበል?

«ይቀመጡ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ቁጭ አሉ። «አንድ ሊጥ ተርፏል። ሩፋይዳ፣ ተነሺ፤ እያዩሽ ሥሪ!»

ሠራች። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሳይታወቃቸው ተነሥተው እጃቸውን ከሊጡ ሥር ሰደዱ፤ የመዳፋቸው መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። 

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞ ትጀምሪያለሽ?»

የጠየቁት እሷን ነው፤ እሷ ግን የምታየው እኔን ነው።

«ትጀምራለች» አልኩና ጓዳ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ እጅ ቴምር ሲመዝን አይውልም።