የካርዱ ዋስ

ቄስ ገብረ ኪዳን በጋቢ የተጠቀለለውን ኮምፒውተር ታቅፈው ወደ አንሙት የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ሲገቡ፣ ልጃቸው አመተ ሥላሴ ከኋላ ሆና የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ትጸልይ ነበር።

"አባባ፣ ካርዱን ብቻ ገዝተን እንመለሳለን ብዬዎት ነበር እኮ። ሙሉ ዕቃውን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው የለም።"

"እኛ አለን" አሏትና ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አሳረፉት።

ቄሱ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ የተሳፈሩት ገና ሳይነጋ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ገንዘብ ለልጃቸው ሠርግ ብለው ያሳደጓት ጊደር ዋጋ ነው። ሠርጉ እንደማይቸኩል አመተ ሥላሴ ለምና አሳምናቸዋለች። በሕንፃ ሥራ ተመርቃ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ሥራ ስትፈልግ ከርማ፣ በቅርቡ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ "እስከ ሰኞ ባለሦስት ፎቅ ቤት በኮምፒውተር በየጎኑ እየዞረ የሚታይ አድርገሽ አምጪ፤ ካማረን ቋሚ ሥራ እንሰጥሻለን" ብሏታል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣው ያገለገለ ኮምፒውተሯ ደግሞ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚያህለው የለም፤ ሕንፃ ሲያዞሩበት ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል። ምስል የሚያፋጥነው ግራፊክስ ካርድ ካልገባለት ሰኞ ባዶ እጇን ልትሄድ ነው። ሌላ ጊደር ደግሞ የለም።

አንሙት ነገሩን ከአመተ ሥላሴ ሰማና መልሱን ለአባትየው ሰጠ። ከመስታወቱ መደርደሪያ ሁለት ማራገቢያ ያለው ትልቅ ካርድ አወረደ።

"አባ፣ እኔ የምመክርዎ ይሄን ነው። ለዓመታት አያሳስባትም።"

ቄሱ ካርቶኑን በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉት። "ይሄስ አጥንት አለው" አሉ።

"ያ ትንሹስ?" አለች አመተ ሥላሴ፣ ጥግ ላይ ያለ ካርቶን ወደሌለው ካርድ እያመለከተች።

"እሱ ያገለገለ ነው፣ እህቴ" አላትና ወደ አባትየው ዞረ። እሷም ብትሆን ጠየቀች እንጂ ልቧ ከትልቁ ጋር ነበር። ስንት ቀን በስልኳ ስለ ፍጥነቱ ስታነብ ሰንብታለች።

"በል ግጠመውና እንየው" አሉ ቄሱ።

"እሽጉ ከተከፈተ ለሌላ አይሸጥልኝም፣ አባ። የተሸጠ ዕቃም አንመልስም፤ ይኸው ግድግዳው ላይ ተጽፏል።"

"እኔ በሬ ስገዛ ጠምጄ፣ ጥቂት ትልም አርሼ ነው የምወስድ። ሻጩም ዋስ ይጠራልኛል። ያንተ ዋስ ማነው?"

"ለካርድ ዋስ?" አለ አንሙት። ዝርዝር ብር ፍለጋ የገቡት የጎረቤቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ባለቤት፣ ወይዘሮ አልጣሽ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግድግዳውን ተደገፉ። አመተ ሥላሴ የምትገባበት ጠፋት።

ቄሱ ግን ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል፤ የመሄድ ሐሳብ የላቸውም። አንሙት ክርክሩ ሲሰለቸው መፍቻውን አንስቶ የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተ። የካርዱንም እሽግ ቀደደ። ካርዱን በአንድ በኩል ሞከረው፣ ገልብጦ ሞከረው። ከዚያ አንገቱን አከከ።

"ሳጥኑ ቀጭን ነው፤ አይገባም። ቢገባም ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወሩ አይችለውም፤ ለዚህ ካርድ የሚሆን ገመድም የለው። ይዛችሁት ብትሄዱ ኖሮ..."

አልጨረሰውም። አመተ ሥላሴ ሳጥኑን በስንዝሯ ለካችው። ያን ሁሉ ስታነብ የራሷን ሳጥን ስፋት ለመለካት ለአንድ አፍታ እንኳ አልታሰባትም። በሰው ፊት ያፈረችባቸው አባቷ ናቸው ከዚህ ጉድ ያዳኗት።

"መላ አለው" አለ አንሙት። "ሳጥኑንም ፓወሩንም እንቀይርላት። ያኔ ትልቁ ይገባል።"

"ከሆነማ ሙሉ ይሁን" ብለው ቄሱ እጃቸውን ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሰደዱ።

አመተ ሥላሴ እጃቸውን ያዘቻቸው። "አይሆንም፣ አባባ። ትንሹን ይግጠምልኝ።"

"ያገለገለውን?"

"ለኔ ሥራ ይበቃል። ካልበቃም አሁኑኑ እናየዋለን።"

አንሙት የተቀደደውን እሽግ እያየ አጉረመረመ፤ ትንሹ ካርድ ግን ምንም ሳያስቸግር ገባ። አመተ ሥላሴ የአንሙትን ስክሪን ሰክታ ሥራዋን ከፈተች። ሕንፃው ቀጥ ብሎ ታየ። ማውሱን ይዛ ቀስ ብላ ገፋችው፤ ዞረ። በረንዳው መጣ፣ የጓሮው ደረጃ መጣ። የፀሐይ ጥላ ስትጨምርበት ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቀጠለ። ደጋግማ አዞረችው፤ ድርቅ አላለም። እፎይ ብላ የአንሙት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

"ይሄ ሁሉ ቤት እዚህ ውስጥ ነበር?" አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው። ፊታቸው በርቷል።

"ነበር፣ አባባ።"

"እንግዲህ ዋሱ ቀረ።"

አሁን ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። "እኔ ዋስ እሆናለሁ። ከተበላሸ ገንዘቡን እሱ ይመልሳል፤ እሱ እንቢ ካለ ከኔ ሱቅ ትወስዳላችሁ። ይስማማዎታል፣ አባ?"

ቄሱ ለመስማማት እጃቸውን ዘረጉ። ወዲያው መልሰው ሰበሰቡት። ከኪሳቸው የጊደሯን ገንዘብ እንዳለ አውጥተው በልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሩት።

"ገዥዋ እሷ ናት። ከሷ ጋር ተነጋገሩ።"

አንሙት ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዞረ። "እሺ፣ እህቴ። ዋስትናው እስከ ፋሲካ ይሁን?"

አመተ ሥላሴ አባቷን አየቻቸው። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ በበሩ መንገዱን ይመለከታሉ።

"እስከ ሰኔ ሚካኤል" አለች፣ እጇን ለአንሙት እየዘረጋች።